በሁዳዴ የሸጥኩት ነጭ ቡና

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሃምሳዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ሲሉ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሻይ ቤት በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዛሬ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ በዱላ ነው የምሄደው። ትናንት ምን እንደበላሁም እረሳለሁ። ያቺን የሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ግን እስከነ ነፋሷ አስታውሳታለሁ። የማልረሳት፣ ትክክል ነኝ ብዬ በሰው ፊት እየማልኩ፣ ስህተቴን በገዛ እጄ ፈልጬ ያወጣሁባት ቀን ስለሆነች ነው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናገር። ግትር ነበርኩ። የተወለድኩት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ነው። አባቴ «ይቺ ልጅ አንዴ ካለች አለች ነው፤ አትልፉ» ይሉ ነበር። ለባል ድረውኝ አልስማማ ሲለኝ ጥዬው ወጣሁ። ሽማግሌ ቢልኩብኝም አልመለስም አልኩ። ወደ ፍኖተ ሰላም ስወርድ ከእናቴ ቤት የያዝኩት አንድ ጀበና፣ አንድ ሙቀጫና አንድ የወተት ቅል ነበር። ቅሉ እናቴ እኔን ሳይወልዱ ጀምሮ ወተት የናጡበት ነው። ሲሰጡኝ አልቅሰዋል። ለኔ ይሁን ለቅሉ እስካሁን አላወቅሁም።

ሻይ ቤቴ መንገዱ ዳር ነበረች። ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ፣ በቃ። የሚያልፈው አውቶቡስና የጭነት መኪና ሁሉ እኔ ዘንድ ይቆም ነበር። ምክንያቱም ቡና በወተት እሸጣለሁ። ወተቱን በኮረሪማና በስኳር አፍልቼ አወፍረውና ቡናው ላይ አፈስበታለሁ። ሾፌሮች ሸገር ከሚጠጡት ይበልጣል ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው።

ታዲያ ሁዳዴ ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን ወተት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ጥቁር ቡና ብቻ ስሸጥ ሰው ሁሉ ጠጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚያመሰግን የለም። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ አስፋው የሚባል ሾፌር ነበር። ሰው በነገር መንካት ይወዳል።

«አንቺ ልጅ፣ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ቡናሽ ከል ይለብሳል» አለኝ።

«ለከርሞ ከሉን አወልቅለታለሁ» አልኩት።

አልኩ እንግዲህ። ካልኩ አልኩ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ሥራ ጀመርኩ። ወተት ያልነካው፣ ግን ወተት የሚመስል፣ ቡና ላይ የሚፈስ ነገር መሥራት አለብኝ። መጀመሪያ ተልባ ሞከርኩ። እንደ ንፍጥ ተዝለገለገብኝ፣ ደፋሁት። ኑግ ሞከርኩ። መልኩ አመድ ሆነ፣ ምላስ ላይም መረረ። ከዚያ ሱፍ ያዝኩ። ሱፍ በጾም ፍትፍት የማያደርገው ሰው የለም፤ ውሃው ነጭ ነው። ለቅሜ፣ ለብ ለብ አድርጌ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በውሃ በጥብጬ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት። ሲታይ ወተት ነው። ደስ ብሎኝ እሳት ላይ ስጥደው ግን እንደ አይብ ረግቶ ተበጣጠሰ።

እንዲህ ሆኖ ስንት ድስት እንደደፋሁ አልናገርም። የጎረቤት ውሾች ወፍረው ነበር። በመጨረሻ ዘዴው ገባኝ። ሱፉ እሳት አይወድም። ስለዚህ ስኳሩንና ኮረሪማውን ለብቻው በውሃ አፍልቼ እንደ ማር ካወፈርኩት በኋላ፣ ትኩስነቱ ቀዝቀዝ ሲል ከሱፉ ጋር አዋሃድኩት። ቡናውንም በላዩ ላይ ቀስ እያልኩ ቀዳሁበት። ነጭ ቡና ሆነ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ጠዋት የሠራሁት ከሰዓት በኋላ ይኮመጥጣል። ይኼኔ ነው የእናቴ ቅል ትዝ ያለኝ። እናቴ ቅሉን በወይራ ያጥኑትና ወተቱ ሳይበላሽ ያድርላቸው ነበር። ወተት ካሳደረ ሱፍስ ምን ይለዋል ብዬ ቅሉን በፈላ ውሃ አጠብኩት። የግራዋ ቅጠል ከትቼ እስኪደክመኝ ናጥኩት። ደግሜ አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ በወይራ አጠንኩት። ከዚያ የሱፍ ወተቴን ገና ለብ እንዳለ ጨመርኩበት። እውነትም አደረ። ማደር ብቻ ሳይሆን ጣመ። የቀመሰ ሁሉ «ልክ ወተት!» ይል ጀመር። እኔም ይህን ስሰማ አንገቴ ይቀና ነበር። ልክ ወተት ያሰኘው ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

ሁዳዴ ገባና ስምንት ቀን ሸጥኩ። ያቺ ቀን ዘጠነኛዋ ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የአስፋው አውቶቡስ ከቡሬ በኩል መጣ። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። አስፋውና ረዳቱ ጎማውን ሊፈቱ መኪናው ሥር ገቡ። ሌላው የጾሙ ሰዓት ስለደረሰለት እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። ከነሱ መሐል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ሳቂታ። ነጩን ቡና አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ሁለተኛ ጠጡ። ሦስተኛውን እየጠየቁኝ ሳለ ነው እሜቴ ዘርፌን ያየኋቸው። ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ጭናቸው ላይ ይዘው ጥግ ላይ የተቀመጡ ባልቴት ናቸው።

«ምን ላምጣልዎ እማማ?» አልኳቸው።

«ቡና፣ ልጄ። ጥቁሩን።»

«ነጩን ይቅመሱ እንጂ። የጾም ነው።»

«ይቅርብኝ፣ ጥቁሩ ይበቃኛል።»

«የሱፍ ነው እማማ፣ በእጄ ነው የሠራሁት። ካልወደዱት ይተዉታል» ብዬ ግድ አልኳቸው። ሳይፈልጉ አስጨበጥኳቸው ማለት ነው። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረጉ። ዋጡት። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው አዩት። ቡናው ላይ እንደ ዓይን ያሉ ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች ይንሳፈፉ ነበር። ብርጭቆውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

«ወተት ነው» አሉ።

ሰው ሲጮህብኝ መልስ አላጣም። እሳቸው ግን አልጮሁም። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

«ምነው እማማ፣ ሱፍ እኮ ነው!» አልኩ። «ዘይቱ ነው የሚንሳፈፈው።»

«ልጄ፣ አንድ ልጅ ናት ያለችኝ» አሉ። «ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሆዷን ተቀድዳ ተኝታለች። ይህን ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጓድል ልጾምላት ለመድኃኔዓለም ተስያለሁ። ሌላ የምሰጠው ነገር የለኝማ። ይኸው አጎደልኩባት።»

ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን ያይ ጀመር። እኔ ደሜ ፈላ። ልጃቸው መታመሟ አሳዝኖኛል፤ ግን አንድ ወር የለፋሁበትን ሥራ፣ በጾም ወተት ትሸጣለች ተብሎ ስሜ ሲጠፋ ቆሜ አላይም። ይህ ወሬ ከአውቶቡሱ ጋር ደብረ ማርቆስ ከደረሰ ሻይ ቤቴ አበቃላት። ከዚያ ያለኝ አማራጭ ወደጣልኩት ባሌ መመለስ ነው።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አልኩ። «ሁለት ጠጥተዋል።»

አንዱ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ጢማቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «እኔ የዜማ ሰው ነኝ ልጄ፤ ወተትማ እሳቸው ያውቃሉ» አሉ። ወደ ባልቴቷ ዞረው፣ «እናቴ፣ ወተት መናጥ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎ?» ብለው ጠየቁ።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ።»

«እንግዲህ ምስክሩ ከባድ ነው» አሉኝ።

«እዚሁ ፊታችሁ እሠራዋለሁ» አልኩ። «ጎማው እስኪሠራ ይደርሳል። አንድም ሰው እንዳይሄድ።»

የለቀምኩት ሱፍ ነበረኝ። ሙቀጫውን በር ላይ አውጥቼ ሁሉም እያየኝ ወቀጥኩ። እልህ ይዞኝ ስለነበር ዘነዘናው እጄ ላይ አልከበደኝም። በጠበጥኩ፣ አጠለልኩ፣ ስኳርና ኮረሪማውን አፈላሁ፣ አዋሃድኩት። በአዲስ የሸክላ ድስት ነው የሠራሁት። ለመሪጌታ ቡና ቀዳሁላቸው። ቀመሱት።

«ይህ ሌላ ነው» አሉ። «ሱፍ ሱፍ ይላል። ይጣፍጣል፤ ግን የቅድሙ አይደለም።»

እሜቴ ዘርፌ አልቀመሱም። ድስቱን ብቻ አሸተቱት። «ይሄ ጾም ነው» አሉ። «የቅድሙን ከምን ቀዳሽው?»

ቅሉን አሳየኋቸው። አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«ልጄ፣ ስንት ዓመት የተናጠበት ቅል በግራዋ አይለቅም።»

«ለቋል!» አልኩ። «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ወይራው ነው የሸተተዎ። እጅ አይገባበትም እንጂ እጅዎን አስገብተው ያዩት ነበር።»

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም። እጅ ካልገባ ይከፈታል አልኩ። እንጨት የምፈልጥበትን መጥረቢያ አነሣሁ። አስፋው እጁ በጎማ ጠቁሮ ከመኪናው ሥር ብቅ አለና፣ «ኧረ ተይ፣ ቅሉ ምን አደረገሽ?» አለኝ። አልሰማሁትም። የእናቴን ቅል ግንድ ላይ አስተኝቼ አንዴ መታሁት። ለሁለት ተከፈለ።

ሁለቱን ክፋይ ወደ ራሴ አዙሬ አነሣኋቸው። ሆዱ ንጹሕ ነው፤ በወይራ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ከአንገቱ በታች፣ ትከሻው ላይ፣ ዓይኔ አረፈ። ውሃ ሲናጥ በማይደርስበት ጥግ ላይ፣ ጣት የምታህል ውፍረት ያለው ቢጫ ነገር ዙሪያውን ተለጥፏል። በአውራ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ለሰለሰ። ቅቤ ነበር። ለብ ያለው ሱፍ በገባ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቀለጠ ሲወርድ ከርሟል። «ልክ ወተት» ያሰኘው እሱ ነበር።

እውነቱን ልናገር። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቱ አጠገቤ ይነዳል። ክፋዮቹን እንደ ተናደደ ሰው እሳት ውስጥ ብወረውራቸው ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ይህን አስቤያለሁ፤ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ቀና ስል እሜቴ ዘርፌ ቋጠሯቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዩኛል። ዓይናቸው ውስጥ እልህ የለም። ተሳስቼ በሆነ እያሉ የሚለምኑ ነበር የሚመስለው። እሳቸውም እኔ እውነቴን እንድሆን ይፈልጉ ነበር እኮ፤ ለልጃቸው ሲሉ።

ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁና ክፋዩን ሰጠኋቸው።

«እርስዎ ነዎት ልክ» አልኩ። «ቅቤ አለበት። ስምንት ቀን ሳጠጣ ከርሜያለሁ።»

አንድ ሰው ብርጭቆውን ወደ ውጭ ደፋ። ሌላው አማተበ። መሪጌታ አጎንብሰው ቅሉን አዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ሳያውቁ ነው የቀመሱት» አሏቸው። «መድኃኔዓለም ይህን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፣ የኔታ» አሉ እሜቴ ዘርፌ። «ቃል የገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

ተንበርክኬ መቅረቱ አልበቃኝም።

«ያጎደልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔ ልሙላ» አልኩ። «ከነገ ጀምሮ ሰባት ቀን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል ውሃ በአፌ አይዞርም። ለልጅዎ ይያዝላት።»

እሜቴ ዘርፌ ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ቡናም?»

«ቡናም።»

«ስትቀጂ እየዋልሽ?»

«ስቀዳ እየዋልኩ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ስትጸልዪ የክርስትና ስሟን ጥሪ። ወለተ ሥላሴ በዪ» አሉኝ። በመዳፋቸው ጉንጬን ነካ አድርገው ተነሡ።

መሪጌታም መቋሚያቸውን አንሥተው ሲወጡ፣ «አንቺ ሳትጠጪ አንድ ሱባኤ ከያዝሽ፣ እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ሁለት ሊሆንብኝ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። አውቶቡሱ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሰባቱን ቀን ጾምኩ። ስድስተኛው ላይ ቡና ስቀዳ ብርጭቆውን ስቼ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። ወለተ ሥላሴን ግን ጠዋትም ማታም ጠራኋት፤ ፊቷን ሳላውቀው። በዚያው ሳምንት ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም የሚመጣውን አውቶቡስ ሁሉ እየጠበቅሁ፣ «ነጭ ቡና የጠጣችሁ፣ ቅሌ ቅቤ ነበረበት፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ» እል ነበር። አንዳንዱ ይራገማል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ነገርኳቸው እንጂ አልተውኩም። እናቴ ሲሰሙ አንድ ወር አላናገሩኝም። ለጾሙ አይመስለኝም፤ ለቅሉ ነው።

ነጩን ቡናም አልተውኩም። በድስት እሠራለሁ፤ ይኮመጥጣል፤ እደፋለሁ፤ በነጋታው እሠራለሁ። ለብዙ ቀን የሚያዝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያዘዘኝ አስፋው ነው። «ከሉን አወልቃለሁ ብለሽ አልነበር እንዴ፣ አምጪ እንጂ» አለኝ። ጨርሶ ጠጣው። ከሱ በኋላ ሌላውም ቀስ በቀስ መጣ።

የእሜቴ ዘርፌ ልጅ ምን እንደሆነች ግን አላወቅሁም። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ። አስፋውን በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላያቸውም። ክፉውን እያሰብኩ መጠየቁንም ተውኩ።

በዓመቱ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቡሬ የመጣው አውቶቡስ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ወረደች። ትንሽ የሸክላ ገንቦ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋለች። ስትራመድ ሆዷን በአንድ እጇ ደገፍ ታደርጋለች። ገብታ ገንቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ነጭ ቡና የምትሸጪው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እናቴ ናት የላከችልሽ። ለዚሁ ብላ አዲስ አሠርታው ነው። ‹ወተት አይቶ አያውቅም፣ አደራሽን እንዳታሳዪው በያት› ብላለች።»

«ስምሽን ማን ልበል?» አልኳት።

«አንጓች።»

«የክርስትና ስምሽስ?»

ደነቃት። ሻይ ቤት ገብቶ የክርስትና ስሙን የሚጠየቅ የለማ።

«ወለተ ሥላሴ» አለች።

ቁጭ አልኩ። ሰባት ቀን በባዶ አንጀቴ የጠራኋት ልጅ በራሷ እግር መጥታ ቆማ ታየኛለች። ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ፣ ስለ ሰባቱ ቀን ነገርኳት። ስጨርስ እሷም ቁጭ አለችና፣ «ቀምሰሽም ነይ ብላኛለች» አለችኝ።

ነጭ ቡና ቀዳሁላት። እየተመለከትኳት እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ገንቦው ዛሬም ቤቴ አለ። አፉ ትንሽ ተሸርፏል። የልጅ ልጆቼ ወተት ሊያስቀምጡበት ሲሉ የምቆጣውን ቁጣ ሌላ ጊዜ አልቆጣም። በዚያች ቀን ብዙ ዓመት አፍሬያለሁ፤ ዛሬ አላፍርም። ግትርነቱም አልለቀቀኝም። ብቻ ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ ብዬ ልምል ስል፣ መጀመሪያ እጅ የማይደርስበትን ቦታ አያለሁ። ሁዳዴ ሲገባም፣ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝም፣ ቁጭ ብዬ ሱፌን እለቅማለሁ።